የዐሥሩ ሰዎች ሰብሳቢ
የቻርልስ ኤልየት የሕይወት ታሪክ

ቻርልስ ዊልያም ኤልየት ማርች 20 ቀን 1834 በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ አገር፣ በቦስተን ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) አባቱ ሳሙኤል አትኪንስ ኤልየት የታወቀ ባለጸጋ ሲሆን የከተማው ከንቲባም፣ የሐርቫርድ ኰሌጅ ገንዘብ ያዥም ሆኖ ሠርቷል። ስለዚህ ልጁ ያደገው ምንም በማይጐድልበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም በቀኝ ጉንጩ ላይ የተንሰራፋ፣ መልኩ ጉበት የሚመስል ትልቅ ምልክት ነው። በአገራችን ማርያም ሳመችው ይባልለት ነበር። በቦስተን ግን እንዲህ የሚል አልተገኘምና የሰፈር ልጆች በሜዳ ሲያገኙት ይሣቁበትና ይሰድቡት ነበር። ኤልየትም ሰው ምን ይለኛል ማለትን ገና በልጅነቱ እርግፍ አድርጎ ተወ። ኋላ በሸመገለ ጊዜ የወዳጆቹን ያህል ብዙ ተቃዋሚዎችም ነበሩት፤ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ሰው በቍጣና በፌዝ የማይናወጥ መሆኑ ነበር። ፎቶግራፍ ሲነሣ ግን ብዙውን ጊዜ ግራ ፊቱን ስለሚያዞር በመጻሕፍት የምናገኘው ሥዕሉ አብዛኛው የጎን ነው።

በዐሥር ዓመቱ ቦስተን ላቲን ስኩል ወደሚባለው ጥንታዊ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርቱ በአብዛኛው የላቲንና የግሪክ ሰዋስው በቃል ማጥናት ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ዳዊትን እንደሚደግም የቦስተን ልጅም የላቲኑን እርባታ ይደግም ነበር። ኤልየት ጐበዝ ተማሪ ነበር፤ ያን አኳኋን ግን ዕድሜውን ሙሉ አልወደደውም። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሐርቫርድ ሲገባ ጆሳያ ኩክ የሚባል ወጣት የኬሚስትሪ መምህር አገኘ፤ ይህም መምህር የግል ላቦራቶሪውን ከፍቶለት ከእሱ ጋር እንዲሠራ ፈቀደለት። በዚያን ዘመን በኬሚስትሪ ክፍል መምህሩ ይሠራል፤ ተማሪው ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ ተማሪ ራሱ ብልቃጥ ይዞ፣ እሳት አንድዶ መሞከሩ የተለመደ አልነበረም። ኤልየት በኋላ ስለ ትምህርት ከተናገረው ነገር ብዙው በዚያች ላቦራቶሪ ውስጥ የተጠነሰሰ ይመስለኛል።

በ1853 ተመርቆ በሚከተለው ዓመት እዚያው የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። በሐርቫርድ የቃል ፈተና ብቻ በነበረበት ጊዜ የጽሑፍ ፈተና ካስገቡት ወጣት መምህራን አንዱ እሱ ነው። (እኛ ተማሮች ስለዚህ እናመስግነው ወይስ እንውቀሰው ለሚለው መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።) በ1857 በአሜሪካ የንግድ ቀውስ ተነሥቶ አባቱ ሀብቱን ሁሉ አጣ። በ1863 ደግሞ ተስፋ ያደረገበት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰርነት ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆነው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ኤልየት ከሥራ ወጣ።

ከአያቱ የወረሳትን ገንዘብ ይዞ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ አውሮጳ ሄደና ሁለት ዓመት ያህል የፈረንሳይንና የጀርመንን ትምህርት ቤቶች እየዞረ መረመረ። እነዚያ መንግሥታት ለፋብሪካቸው የሚሆነውን ባለሙያ፣ ለአገራቸው የሚሆነውን ሹም ከየት እንደሚያገኙ ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ መልሱንም በትምህርት ቤቶቻቸው አደረጃጀት አገኘ። እዚያው ሳለ በሎዌል ከተማ የሚገኝ አንድ ታላቅ የጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ እንዲሆን ተጠየቀ። ደመወዙ ከፕሮፌሰር ደመወዝ እጅግ የሚበልጥ ሲሆን መኖሪያ ቤትም ነበረው። አባቱ ለከሰረበትና ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ቀላል ፈተና አልነበረም። ኤልየት ግን አልፈለገውም። በ1865 ተመልሶ አዲስ በተከፈተው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከባልደረባው ከፍራንሲስ ስቶረር ጋርም ተማሪው በገዛ እጁ እየሠራ የሚማርበትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጻፈ።

በ1869 ስለ አዲስ ዓይነት ትምህርት በአንድ የታወቀ መጽሔት ሁለት ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ሐርቫርድ ፕሬዚዳንት ይፈልግ ነበርና ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ወንበር የነፈገውን ሰው አሁን ለበላይነት ጠራው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነበር። ከሁለቱ የኰሌጁ ጉባኤዎች አንዱ ሲመርጠው ሁለተኛው ወጣትነቱንና የሳይንስ ሰው መሆኑን ጠልቶ መጀመሪያ አልቀበልም አለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አጸደቀው። ሹመቱ በተነገረበት በዚያው የመጋቢት ወር ሚስቱ ኤለን በሕመም ዐረፈች። ከወለደችለት አራት ወንዶች ልጆች ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተው ሁለት ቀርተውት ነበር። እንግዲህ የሹመትና የሐዘን ወራቱ አንድ ሆኑበት።

በሐርቫርድ ለአርባ ዓመት ያህል ፕሬዚዳንት ሆኖ ያደረገውን ሁሉ ብንዘረዝር ይህ መጽሐፍ ባልበቃን ነበር። አንዱን ብቻ ላንሣ። በሕክምና ትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ሐኪም የሚባለው ዘጠኝ መምህራን እያንዳንዳቸው ጥቂት ደቂቃ በቃል ጠይቀውት የአምስቱን ድምፅ ካገኘ ነበር፤ አራቱን ትምህርት ጭራሽ ባያውቅም እንኳ ዲፕሎማውን ይዞ ወደ በሽተኛ አልጋ ይሄድ ነበር። ኤልየት ይህን ለውጦ የጽሑፍ ፈተና እንዲሆን፣ ሁሉንም ትምህርት ያላለፈም እንዳይመረቅ አሳሰበ። በቀዶ ሕክምና ስሙ የገነነው ሄንሪ ቢገሎ በብርቱ ተቃወመ፤ ምክንያቱም ከተማሮቹ የሚበዙት በቅጡ መጻፍ ስለማይችሉ የጽሑፍ ፈተና የማይሆን ነገር ነው የሚል ነበር። ይህ ክርክር ራሱ የትምህርት ቤቱን ጕድ ገልጦ አሳየ። በስብሰባው ላይ አንድ መምህር ተነሥቶ ለሰማንያ ዓመት በደኅና የኖረው ሥርዓት አሁን በጥቂት ወር ውስጥ ምን ተገኝቶ እንደሚለወጥ ሲጠይቅ ኤልየት ድምፁን ሳያሰማ ምክንያቱ አዲስ ፕሬዚዳንት መምጣቱ ብቻ መሆኑን ነገረው። ለውጡም ተፈጸመ።

ደግሞም ተማሮች ከብዙ ትምህርት የወደዱትን እንዲመርጡ ፈቀደ። ቀድሞ ሁሉም ላቲንና ግሪክ ይማር የነበረው ቀርቶ አንዱ ፊዚክስ፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ የጀርመን ቋንቋ ይመርጥ ጀመር። ዛሬ በዩኒቨርስቲዎቻችን የትምህርት ክብደት የሚለካበት ክሬዲት አወር የሚባለው ነገር ምንጩ ይህ ምርጫ ነው፤ ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት ካልተማረ የተማረውን ቈጥሮ ማመዛዘን የግድ ሆነና። እሱ ሲሾም አንድ ሺህ ያህል የነበሩት ተማሮች በ1909 ሲለቅ ወደ አራት ሺህ ደርሰው ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት የከፍተኛ ትምህርት ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን ከዚያ በታች ያለው፣ እኛ ራሳችን የምንቀመጥበት ወንበር ነው።

በአሜሪካ እንደ እኛ አገር ለሁሉም ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት የሚያወጣ አንድ ሚኒስቴር አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት ክፍለ አገሩና ከተማው ናቸው። ኰሌጆችም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ያወጡ ነበር። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር በአንድ ክፍል ውስጥ ለሐርቫርድ የሚዘጋጅ፣ ለዬል የሚዘጋጅ፣ ለሌላም የሚዘጋጅ ልጅ ቢኖረው ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ መጽሐፍ ማስተማር ነበረበት። ይህም ሆኖ ኰሌጅ የሚገቡት ጥቂቶች ነበሩ። በ1890 በአገሪቱ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የነበሩት ሁለት መቶ ሺህ ያህል ተማሮች ሲሆኑ፣ የግሉም ትምህርት ቤት ተጨምሮ ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመት ካሉት ልጆች መቶ ቢቈጠር በትምህርት ላይ የሚገኙት ሰባት ያህል ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የሚሄዱት ወደ ሱቅ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ቢሮ፣ ሴቶቹም ወደ አስተማሪነትና ወደ ትዳር ነበር። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ለማን ነው? ኰሌጅ ለሚገባው ለጥቂቱ ወይስ ለማይገባው ለብዙው? ሁለቱስ ለየብቻ ይማሩ ወይስ አብረው? በአገራችን ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሶ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስ ምረጥ የተባለ ተማሪ ሁሉ የዚህን ጥያቄ አንድ ጫፍ ያውቀዋል።

ኤልየት ወደዚህ ነገር የገባው በሒሳብ ነው። ወደ ሐርቫርድ የሚመጡት ልጆች ዕድሜ ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ማለቱን አይቶ ከታች ያለው ጊዜ በምን እንደሚባክን ሊያውቅ ፈለገ። በማሳቹሴትስ የሚገኝ አንድ የመካከለኛ ትምህርት ቤት መርጦ ልጆቹ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚያነቡትን መጽሐፍ ሁሉ፣ ታሪኩንም ጂኦግራፊውንም ጨምሮ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ምሩቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው አደረገ። ሁሉንም ለመጨረስ የፈጀበት አርባ ስድስት ሰዓት ነው። ለስድስት ዓመት ትምህርት አርባ ስድስት ሰዓት የሚነበብ ነገር! ኤልየት ይህን ቍጥር በየስብሰባው እየዞረ ተናገረ። ልጆቹ የሚደክሙት ትምህርቱ ስለ በዛባቸው ሳይሆን ያው ነገር ስለ ተደጋገመባቸው ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ይጠር፣ ይበልጽግም የሚል ነበር ክርክሩ።

ይህን ክርክር ተቀብሎ ወደ ሥራ የለወጠው የአገሪቱ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1857 በፊላዴልፊያ ከተማ በአርባ ሦስት ሰዎች የተመሠረተ ሲሆን በአባሎቹ መዋጮ የሚተዳደር፣ ትርፍ የማይፈልግ፣ የመምህራንና የዲሬክተሮች ጉባኤ ነበር። በማንኛውም ትምህርት ቤት ላይ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች የምናየው ነገር ሁሉ የተደረገው ያለ አዋጅና ያለ መመሪያ ነውና።

በጁላይ ወር 1892 ማኅበሩ በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ተሰብስቦ ዐሥር ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመና ኤልየትን ሰብሳቢ አደረገው። ለወጪውም 2,500 ዶላር መደበ። ከዐሥሩ አምስቱ የኰሌጅና የዩኒቨርስቲ ፕሬዚዳንቶች፣ ሦስቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ አንዱ የኰሌጅ ፕሮፌሰር፣ አንዱም የአገሪቱ የትምህርት ኮሚሽነር ዊልያም ሀሪስ ነበሩ። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሮች ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ሆነው ሳሉ በኮሚቴው ውስጥ ግን አንዲት ሴት አልነበረችም። ይህ በዚያን ጊዜ ለብዙ ሰው እንግዳ ሆኖ አልታየም፤ ዛሬ ግን ስም ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ወዲያው የሚያየው ይህን ነው።

ኮሚቴው ብቻውን አልወሰነም። ትምህርቶቹን በዘጠኝ ከፍሎ፣ ላቲን፣ ግሪክ፣ እንግሊዝኛ፣ ሌሎች ቋንቋዎች፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ የተፈጥሮ ታሪክ፣ ታሪክና የመንግሥት አስተዳደር፣ ጂኦግራፊ በሚል ለእያንዳንዱ ዐሥር ዐሥር ዐዋቂዎችን ጠራ። እነዚህ ዘጠና ሰዎች ከገና በዓል ሦስት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1892፣ በየተመደቡበት ከተማ ተሰበሰቡ። የታሪኩ ጉባኤ በማዲሰን ከተማ ሲሆን ከዐሥሩ አንዱ ውድሮ ዊልሰን የሚባል የፕሪንስተን መምህር ነበር፤ ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። ለሁሉም የተላከላቸው ዐሥራ አንድ ጥያቄ ነው። ትምህርቱ በስንት ዓመት ዕድሜ ይጀመር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሰጥ፣ እንዴት ይፈተን የሚሉት ብዙ ክርክር አስነሡ። ሰባተኛው ጥያቄ ግን የተለየ ነበር፤ ኰሌጅ ለሚገቡና ለማይገቡ ተማሮች አንድ ትምህርት በተለያየ መንገድ ይሰጥ ወይ የሚል ነው።

ዘጠኙም ጉባኤዎች፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳይሰማ፣ አይሰጥ ብለው መለሱ። በሌላ ነገር የማይስማሙት የግሪክ መምህራንና የፊዚክስ መምህራን በዚህ አንድ ሆኑ። የሚማረው ልጅ ዶክተር ቢሆን ባለ ሱቅ፣ አልጀብራ ሲማር አንዱን አልጀብራ ይማር፤ ታሪክም ሲማር እንዲሁ። ኤልየት በጻፈው ዘገባ ይህን መሠረት አደረገው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ትልቅ ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ወደፊት ምን እንደሚሆን አባቱም መምህሩም ራሱም አያውቁም፤ ስለዚህ ዛሬ አንተ ለዚህ አንተ ለዚያ ብሎ በር መዝጋት ፍርድ ሳይሰማ መፍረድ ይሆናል። ድኻው ልጅ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ገንዘብ ቢያገኝና ኰሌጅ መግባት ቢፈልግ በዐሥራ አራት ዓመቱ የተመረጠለት ትምህርት ሊያግደው አይገባም። ዘገባው አራት ዓይነት ፕሮግራም አቀረበ፤ ከአራቱ በአንዳንዱ ላቲንም ግሪክም ሳይማሩ መጨረስ ይቻል ነበር። ከአራቱ ማንኛውንም በደኅና የጨረሰ ልጅ ኰሌጅ እንዲቀበለው ጠየቀ። ብዙ ኰሌጆች ግሪክ ለማያውቅ ልጅ በራቸውን በዘጉበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር።

ከዐሥሩ አንዱ፣ የኮሎራዶው ጄምስ ቤከር፣ በዘገባው ላይ ቢፈርምም ተቃውሞውን ለብቻው ጽፎ አሳተመ። ማንኛውም ትምህርት በደንብ ከተሰጠ ከሌላው እኩል ነው የሚለው ሐሳብ አልተዋጠለትም፤ ለእሱ ትምህርት በሚያሠለጥነው ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን በያዘው ዕውቀትም ይመዘናል። የቤከር ተቃውሞ ፍሬ ያለው ይመስለኛል። ከዚህም ሌላ ዘገባው ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሥዕልና ስለ እጅ ሥራ ጉባኤ አልጠራም፤ እንደዚያ ያለ ሰፊ ትምህርት የሚሰጡ መምህራን ከየት እንደሚገኙም ማሠልጠኛ ያስፈልጋል ከማለት በቀር አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። በትንሽ ከተማ አንድ መምህር አራት ትምህርት በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አራቱን ፕሮግራም በአንድነት ማካሄድ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቻል ነበር።

ሆኖም ወረቀቱ ሥራውን ሠራ። የመንግሥቱ የትምህርት ቢሮ ሠላሳ ሺህ ቅጂ አሳትሞ አከፋፈለው፤ በየክፍለ አገሩ የመምህራን ስብሰባ ተነሥቶ የማይከራከርበት አልነበረም። ማንም ሳያዝዛቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች የሰዓት ድልድላቸውን ወደ እሱ አስጠጉ። ያ ትልቁ ችግር፣ የመግቢያ ፈተናው መዘበራረቅ ግን ገና አልተፈታም ነበር። ለዚህ የኮሎምቢያው ኒኮላስ መሬይ በትለር ከኤልየት ጋር ተነሣ። በ1899 መጨረሻ በትሬንተን ከተማ በተደረገ ስብሰባ የኰሌጆች ሁሉ የጋራ ፈተና ይኑር የሚል ሐሳብ ሲቀርብ የላፋየት ኰሌጅ ፕሬዚዳንት የኰሌጁን ደጅ ለማን እንደሚከፍት ሌላ ሰው እንዲነግረው እንደማይፈልግ ተናገረ። ኤልየትም ተነሥቶ በትሕትና አረጋጋው ይባላል፤ ላፋየት ከፈለገ ፈተናውን ያላለፉትን ብቻ መርጦ መቀበል እንደማይከለከል አስረዳው። ጉባኤው በሣቅ ፈረሰ፤ ሐሳቡም አለፈ። እንዲህ ሆኖ በ1900 የኰሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ ተቋቋመ። በጁን ወር 1901 የመጀመሪያውን ፈተና በስልሳ ዘጠኝ ቦታ የወሰዱት 973 ተማሮች ናቸው። ይህ ቦርድ ዛሬ ከአገራችን ወደ አሜሪካ ሄደው መማር የሚሹ ልጆች የሚቀመጡበትን ኤስ ኤ ቲ የሚያዘጋጀው ድርጅት ነው።

ከዚህ መካከል በ1897 ኤልየት ትልቁን ልጁን አጣ። ስሙም እንደ አባቱ ቻርልስ ነበር፤ በቦስተን ዙሪያ ያሉትን ደኖችና የባሕር ዳርቻዎች ለሕዝብ መናፈሻነት እንዲጠበቁ ያደረገ የመናፈሻ ሊቅ ሲሆን በሠላሳ ሰባት ዓመቱ በማጅራት ገትር ሞተ። አባትየው የልጁን ደብዳቤዎችና ጽሑፎች ሰብስቦ የሕይወት ታሪኩን እሱ ራሱ ጻፈ፤ በ1902 ታተመ። ሰው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው የሚለው ኤልየት ያን ወፍራም መጽሐፍ የጻፈው ዩኒቨርስቲ እያስተዳደረ ነበር።

በ1903 የዚያው የትምህርት ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረ። በሚከተለው ዓመት ስታንሊ ሆል የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ ስለ ወጣትነት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የዐሥሩን ኮሚቴ ክፉኛ ነቀፈ። ወደ ትምህርት ቤት የሚጐርፈው ልጅ ሁሉ እኩል አእምሮ የለውምና ብዙዎቹ ያን ትምህርት ሊከተሉ አይችሉም የሚል ነበር። ኤልየት በ1905 መለሰ፤ እንደ እሱ አስተያየት ሰነፍ የሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ ሰነፎች ሳይሆኑ በደንብ ያልተማሩ ናቸው። መልሱ የሚያኮራ ነበር።

ነገር ግን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ መልካሙን ብቻ መርጦ መጻፍ የለበትም። በ1908 መጀመሪያ በቺካጎ ስለ ኢንዱስትሪ ትምህርት ከሚሟገት ሌላ ማኅበር ፊት ቆሞ የሰባ ሦስት ዓመቱ ኤልየት ሌላ ነገር ተናገረ። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ልጆቹን ወደፊት ይሆናሉ ተብሎ እንደሚገመተው እየለዩ ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት እንዲመሯቸው መከረ። ዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ዘጠና ሰዎች አይሆንም ያሉትን፣ እሱም በገዛ እጁ የጻፈውን ነገር አሁን በገዛ አፉ ሻረው። ለምን? ጊዜው ተለውጦ ነበር ማለት ይቻላል። የተማሮቹ ቍጥር በሃያ ዓመት ውስጥ ከሁለት መቶ ሺህ ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ አልፏል፤ ፋብሪካው የሠለጠነ ሠራተኛ ይጠይቃል፤ ጀርመኖችም እንዲህ ያደርጋሉ ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ መምህር በ1893 ካልነበረ በ1908 ከየት እንደ መጣ አላስረዳም። ሲለይ ደግሞ የሚለየው በምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ በአባቱ ጫማና በአገሩ አነጋገር ነው።

ሌላም አለ። በእሱ ዘመን ቡከር ዋሽንግተን ከሐርቫርድ የክብር ዲግሪ ተቀብሏል፤ ዱ ቦይስም የዶክተርነት ማዕርጉን በ1895 ከዚያው አግኝቷል። ሆኖም ኤልየት በደቡብ ክፍለ አገሮች ጥቁርና ነጭ ልጆች ተለያይተው መማራቸውን አልተቃወመም። ሴቶችና ወንዶች በአንድ ኰሌጅ እንዲማሩም አልወደደም። ለሁሉ አንድ ትምህርት ሲል ሁሉ የሚለው ቃል እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ እሱ ራሱ የወሰነው ዳርቻ ነበረው። በስተርጅናው፣ በ1922፣ ሐርቫርድ የአይሁድን ተማሮች ቍጥር ልወስን ሲል ግን ከጡረታው ተነሥቶ በግልጽ ተቃወመ።

በ1909 ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ፤ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተ በዓመቱ መሆኑ ነው። ሁለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በየተራ በእንግሊዝ አገር አምባሳደር እንዲሆን ቢጠይቁት አልተቀበለም። ሥራ የያዘ ሰው በቀን ጥቂት ደቂቃ እያነበበ ራሱን ያስተምርበት ዘንድ ኀምሳ ቅጽ ያለው የመጻሕፍት ስብስብ መርጦ አዘጋጀ። በ1918 ያው ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ሌላ ኮሚሽን አቁሞ የሁለተኛ ደረጃን ዓላማ እንደገና ጻፈ፤ አሁን በዝርዝሩ የተቀመጡት ጤና፣ ቤተ ሰብ፣ ሙያ፣ ዜግነትና የመሳሰሉት ነበሩ። የዐሥሩ ሰዎች ዘገባ እንደ አሮጌ ታየ። ሙያውንም ቀለሙንም በአንድ ግቢ የሚያስተምረው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከዚያ ወጣ፤ በአገራችን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በስማቸው ላይ የያዙት ኮምፕሬሄንሲቭ የሚለው ቃልም ከእሱ የመጣ ነው። ሽማግሌው አልተቀየመም። በ1919 ወጣት መምህራን ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል አዲስ ማኅበር ሲያቋቁሙና የክብር ፕሬዚዳንት እንዲሆንላቸው ሲለምኑት፣ ሰማንያ አምስት ዓመት ሆኖት ሳለ፣ እሺ አላቸው።

ጁን 23 ቀን 1926 ያ እሱና በትለር ያቆሙት ቦርድ አዲስ ዓይነት ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠ፤ ከስምንት ሺህ የሚበልጡ ተማሮች ተቀመጡ። ድርሰትና ማብራሪያ ቀርቶ ተማሪው ከቀረበለት መልስ እየመረጠ ምልክት የሚያደርግበት፣ የተማረውን ሳይሆን የአእምሮውን ችሎታ ይለካል የተባለ ፈተና ነበር። ኤልየት በዚያ ክረምት በሜይን ክፍለ አገር በባሕር ዳር ቤቱ ተኝቶ ነበር። ኦገስት 22 ቀን በተወለደ በዘጠና ሁለት ዓመቱ ዐረፈ፤ ሬሳውም ወደ ኬምብሪጅ ተወስዶ በማውንት ኦበርን መካነ መቃብር ተቀበረ።